ባይፖላር፣ ጥቁር አዝሙድና «ሰፕሊመንት»፦ ከመድኃኒቱ ጎን ምን ይወሰዳል? ምንስ ይቀራል?



ባይፖላር የሚባለው የስሜት ሕመም የገባበት ቤት ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ላይ ይደርሳል፦ «ይህን እንክብል ዕድሜ ልኩን ከሚውጥ በጥቁር አዝሙድና በማር፣ ወይም ከውጭ በሚላክ ቫይታሚን መተካት አይቻልም?» ጥያቄው የስንፍና አይደለም። መድኃኒቱ አንዳንዱን ያወፍራል፣ ሌላውን እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ ሌላውን ያፈዘዋል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐዲስ የተወሳ ዘር ጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። መልሱን አስቀድሜ ልናገር፦ የባይፖላርን መድኃኒት የሚተካ ዕፅ እስካሁን አልተገኘም። በልካቸው ከመድኃኒቱ ጎን ሊሄዱ የሚችሉ ጥቂቶች አሉ። ሕመሙን የሚቀሰቅሱ ወይም ከመድኃኒቱ ጋር ተጋጭተው ለሞት የሚያደርሱም አሉ። ሦስቱን መለየት ነው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ።

ሕመሙ ምን ይመስላል?

ባይፖላር ሁለት ጫፍ አለው። አንደኛው ማኒያ ነው፤ ሰውየው ለቀናት ሁለትና ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ አይደክመውም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ገንዘቡን ይበትናል፣ ራሱን ከሁሉ በላይ አድርጎ ያያል፣ ይቆጣል። ሁለተኛው ድባቴ ነው፤ ከአልጋ መነሳት ያቅተዋል፣ ምግብ ይጠላል፣ ዋጋ ቢስ እንደሆነ ያምናል፣ ሞትን ይመኛል። በሁለቱ መካከል ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሙሉ ጤና ሊሆን ይችላል። ዕፅን በተመለከተ የሚሠራውን ስህተት ያበዛው ይኸው የመካከል ጤና ነው። በዚያ ሰሞን የተወሰደ ሁሉ «ፈወሰኝ» ይባላልና።

በእኛ ማኅበረሰብ ማኒያ ብዙ ጊዜ በዲን ልብስ ይመጣል። ሌሊቱን ሙሉ የሚሰግድ፣ ቤቱን ሸጦ ሶደቃ ልስጥ የሚል፣ «መልእክት ተሰጥቶኛል» የሚል ወጣት መጀመሪያ ላይ ኢማኑ የጨመረ ይመስላል። ድባቴው ሲመጣ ደግሞ ሶላት ይከብደዋል፤ ቤተሰቡም ኢማኑ እንደደከመ፣ ወይም ጂን እንደያዘው ያስባል። ሩቅያ ይደረግለት፤ ቁርኣን ፈውስ መሆኑን የሚጠራጠር ሙስሊም የለም። ሩቅያ ግን ሐኪም ቤት መሄድን የሚከለክል አይደለም፤ ሁለቱን ተቃራኒ አድርጎ ያቀረበልን ዲናችን ሳይሆን ልማዳችን ነው።

ሕመሙ የከተማ ወይም የፈረንጅ በሽታ አይደለም። በቡታጅራና አካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ያየ ሰፊ ጥናት ከ300 በላይ የባይፖላር ታማሚዎችን አግኝቷል። አብዛኛው ነዋሪ ገበሬ የሆነበት አካባቢ ነው። የኢስላም ሊቃውንትም ጉዳዩን ያውቁት ነበር። በ934 የሞተው አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ አካልና ስለ ነፍስ ጤና በጻፈው ኪታብ ምክንያቱ የሚታወቅን ሐዘን ምክንያቱ ከማይታወቅ ሐዘን ለይቷል፤ የኋለኛውንም ከአካል ጋር አያይዞታል። በሙስሊሙ ዓለም የነበሩት ቢማሪስታኖች፣ ለምሳሌ በ1354 ሐለብ ላይ የተሠራው፣ ለአእምሮ ሕሙማን ቦታ ነበራቸው። ቅድመ አያቶቻችን ያላፈሩበትን እኛ የምናፍርበት ምክንያት አይገባኝም።

ጥቁር አዝሙድና ሐዲሱ

ጥቁር አዝሙድ ከሞት በቀር ለየበሽታው ፈውስ እንዳለበት የሚናገረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ፣ ሶሒሕ ነው። ክርክሩ ያለው ትርጉሙ ላይ ነው። አል-ኸጧቢይ ቃሉ ጠቅላላ ሆኖ የታሰበበት ግን የተወሰነ መሆኑን ተናግረዋል፤ አንድ ዕፅ የበሽታዎችን ሁሉ ተቃራኒ ባሕርይ በአንድ ላይ ሊይዝ አይችልምና። ኢብኑል ቀይዪምም በሱረቱል አሕቃፍ የዓድን ሕዝብ ያጠፋችው ነፋስ ሁሉን ነገር እንደምታጠፋ የተነገረበትን አገላለጽ ምሳሌ አድርገው ያነሳሉ፤ መኖሪያቸው ግን ቀርቶ ይታይ ነበር። ሰፋ አድርገው የተረጎሙ ዑለማእም አሉ። የትኛውንም ብንይዝ ሐዲሱ «ሌላ መድኃኒት አቁሙ» አላለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ሕክምናን አዘዋል፣ ሐጃማ አድርገዋል፣ ለተለያየ ሕመም የተለያየ ነገር ጠቁመዋል።

ሕክምናው በኩል ደግሞ ጥቁር አዝሙድ ማኒያን ወይም የባይፖላርን ድባቴ እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ጥናት የለም። በበርበሬና በቅቤ ማንጠሪያ የምናስገባው መጠን፣ ወይም ጠዋት ጥቂት ፍሬ በማር መውሰድ፣ ለአብዛኛው ሰው ጉዳት የለውም። ጉዳዩ የሚለወጠው ዘይቱ በማንኪያ፣ ካፕሱሉ በቀን ብዙ ጊዜ ሲወሰድ ነው። የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ መድኃኒት የሚሰባብሩ የጉበት ኤንዛይሞችን ሊያዳክምም ይችላል። ከእነዚህ ኤንዛይሞች መካከል ሐሎፔሪዶልንና ሪስፔሪዶንን የሚሰባብሩት ስላሉ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ በምግብ ልክ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ሐኪሙ ይወቅ።

ስለ ማር አንድ ነገር ብቻ፦ ኦላንዛፒንና ኩዌታይፒን የሚወስድ ሰው ክብደቱና ስኳሩ የመጨመር ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ማር ፈውስ ቢሆንም ስኳርም ነው፤ በኩባያ የሚጠጣ አይደለም።

ተልቢናን ብዙዎች ይረሱታል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ለታመመና ላዘነ ሰው ታዝዘው የነበረ የገብስ ሾርባ ነው፤ ሐዲሱ የታማሚውን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘኑ የተወሰነውን እንደሚወስድ ይናገራል። የገብስ ዱቄት በውሃ ወይም በወተት አፍልቶ ማር ጠብ ማድረግ ነው። የገብስ አጥሚት የሚያውቅ እናት ሁሉ ያውቀዋል። በድባቴ ጊዜ ምግብ የዘጋውን ሰው ለማብላት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም፤ ከየትኛውም የባይፖላር መድኃኒት ጋርም አይጋጭም። ለሰጡት ሰውም ጥቅም አለው፦ የሚያስታምመው ሰው እጁ ሥራ ያገኛል።

የአገራችን ዕፅዋት

እዚህ ላይ ረዘም ማለት ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ያለው በብዛት እዚህ ነውና።

ጊዜዋ የምትባለው ተክል በየአጥሩ የምትበቅል፣ ለዓይንና ለመንፈስ ተብላ የምትታጠን ናት። በውጭው ገበያ «አሽዋጋንዳ» ተብላ ለጭንቀትና ለእንቅልፍ በካፕሱል የምትሸጠው ይህችው ተክል ናት፤ ብዙ ዲያስፖራ ገዝቶ የሚልከው የአያቱን አጥር ተክል መሆኑን ሳያውቅ ነው። በባይፖላር ታማሚዎች ላይ ተሞክራለች። በ2013 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት 53 ሰዎችን ለ8 ሳምንት አይቶ ከመድኃኒታቸው ጎን ሲወስዷት በአንዳንድ የማስታወስና የማሰብ መለኪያዎች መጠነኛ መሻሻል አግኝቷል። ስሜታቸውን ግን አላረጋጋችም፤ የተጠናችውም መድኃኒታቸውን ለሚወስዱ ነው። በአንጻሩ የታይሮይድ ሆርሞንን ከፍ ታደርጋለች፣ በአንዳንድ ሰዎች ጉበት ጎድታለች፣ ማኒያ ቀስቅሳለች ተብሎም ተዘግቧል። ሊቲየም ራሱ ታይሮይድን ስለሚነካ ሁለቱን አንድ ላይ ያለ ሐኪም መውሰድ የደም ምርመራውን ውጤት ያደናግራል። እርጉዝ ሴት አትንካት።

አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል። ዘሩና ቅጠሉ ሰውን ያቃዣል፣ ያስለፈልፋል፣ የሌለ ያሳያል፤ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፣ ልብ ያስመታል። አንዳንድ መድኃኒት አዋቂ ነን ባዮች «ያለበትን መንፈስ ያናግራል» ብለው ለአእምሮ ሕመምተኛ ይሰጡታል። የሚናገረው መንፈስ አይደለም፤ የተመረዘ አንጎል ነው። እንደ ክሎርፕሮማዚን፣ አሚትሪፕቲሊንና ትራይሄክሲፌኒዲል ያሉ ታማሚው የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም በዚያው አቅጣጫ ስለሚሠሩ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ይህ መጠኑ የሚስተካከል ነገር አይደለም፤ ፈጽሞ የማይሰጥ ነው።

ሰና መኪና ኮሶ ሆድ የሚያጥቡ ናቸው። ሰና በሐዲስ ተወስቷል፣ ለድርቀትም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። «ሲህር ተበልቶ ከሆነ ይወጣል» ተብሎ ለቀናት ሲጠጣ ግን ሌላ ነገር ነው። ምክንያቱን ማወቅ ይጠቅማል። ሊቲየም ማዕድን ነው፤ ኩላሊት ከጨው ጋር ያመሳስለዋል። ሰው በተቅማጥና በትውከት ውሃና ጨው ሲያጣ ኩላሊት ጨውን ለማዳን ሲሞክር ሊቲየሙንም አብሮ ያስቀራል። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ጠባብ ነው፤ በደም ውስጥ ከ0.6 እስከ 1.0 አካባቢ የሚጠቅመው መጠን ከ1.5 ሲያልፍ መርዝነቱ ይታያል። ስለዚህ ሊቲየም ለሚወስድ ሰው ሆድ የሚያጥብ ማንኛውም ነገር አደገኛ ነው፣ በሐዲስ የተወሳው ሰናም ቢሆን።

ጤና አዳም በቡና ላይ ጣል ማድረግ፣ ዳማከሴን ለምች ማሽተት፣ ፌጦን በምግብ ልክ መውሰድ ባይፖላርን አይፈውሱም፤ በዚህ ልክም አያሰጉም።

ተክል «ኬሚካል የለውም» የሚሉ ሻጮች አሉ። ሕንዶች ለዕብደት የሚጠቀሙበት ራውዎልፊያ የተባለ ሥር በ1931 በሁለት ሕንዳውያን ሐኪሞች ተጽፎ ለዓለም ተዋወቀ። በእርግጥም እብደትን ያረጋጋ ነበር፣ የደም ግፊትንም ይቀንስ ነበር፤ ከውስጡ የወጣው መድኃኒት ግን ከባድ ድባቴ ያመጣል ተብሎ ስለተፈራ በተሻሉ ተተካ። አቅም ያለው ዕፅ ሁሉ መጥፎ ጎንም አለው።

ከውጭ የሚላኩት

ከሁሉ በላይ ሊፈራ የሚገባው ሴንት ጆንስ ወርት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ፣ ለቀላል ድባቴ የሚወሰድ ቢጫ አበባ ነው፤ የአገራችን አሜጃ የዚያው ወገን ዘመድ ነው፣ አንድ ግን አይደሉም። ለባይፖላር ታማሚ ሁለት አደጋ አለው። አንደኛ፣ እንደማንኛውም የድባቴ መድኃኒት ብቻውን ሲወሰድ ሰውየውን ከድባቴ አውጥቶ ወደ ማኒያ ሊወረውረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ጉበት መድኃኒትን የሚሰባብርበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ ኩዌታይፒን፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ሁሉ በደም ውስጥ ይቀንሳሉ። በደንብ ይሠራ የነበረ መድኃኒት ድንገት «አልሠራ አለኝ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ሳሚ፣ ፋይቭ ኤች ቲ ፒ እና ጂንሰንግ የሚባሉትም ከዚሁ ወገን ይመደባሉ፤ ስሜትን ከፍ ያደርጋሉ የተባሉ ሁሉ ለዚህ ታማሚ ማስጠንቀቂያ ናቸው። ከኢራንና ከባሕረ ሰላጤው የሚመጣው ዘዕፈራን በቀላል ድባቴ ላይ ተስፋ ያሳየባቸው ትናንሽ ጥናቶች አሉ፤ የተጠኑት ግን ባይፖላር የሌለባቸው ናቸው። በሩዝና በሻይ ላይ ይቆይ።

የዓሣ ዘይት፣ ኦሜጋ ሦስት፣ የተሻለ ስም አለው። የተለያዩ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ በባይፖላር ድባቴ ላይ መጠነኛ እገዛ ታይቶበታል፤ በማኒያ ላይ ግን ምንም። ከመድኃኒት ጎን ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ መሞከር የሚቻል ነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ግን ይጠይቅ። ለእኛ ተጨማሪ ጥያቄ አለው፦ የካፕሱሉ ሽፋን ጄላቲን ነው፣ ጄላቲኑም የአሳማ ሊሆን ይችላል። ከዓሣ ጄላቲን የተሠራ፣ የሐላል ማረጋገጫ ያለው፣ ወይም በጠርሙስ የሚሸጥ ፈሳሽ ዘይት መምረጥ ይቻላል። «ተልባ አይተካውም ወይ?» ለሚል፦ ተልባ ውስጥ ያለው ኦሜጋ ሦስት ሌላ ዓይነት ነው፤ ሰውነታችን ወደ ዓሣው ዓይነት የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፤ ከእንክብል ጋር በአንድ ጊዜ አይጠጣ እንጂ፣ ልስላሴው የመድኃኒቱን መመጠጥ ሊያዘገይ ይችላልና።

ኤን-አሴቲልሲስቲን የተባለው በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ 75 ታማሚዎች ላይ ለ24 ሳምንት ተሞክሮ በድባቴው ላይ ጥሩ ውጤት አሳይቶ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት ጥናቶች ግን አልተስማሙም። ማግኒዚየም፣ ዚንክ፣ ቫይታሚን ዲ፦ ተመርምሮ ጉድለት ከተገኘ ይተካል፣ ካልተገኘ ገንዘብ ማባከን ነው።

በበይነ መረብ የሚሸጠው ሊቲየም ኦሮቴት ግን ለብቻው መጠቀስ አለበት። «ተፈጥሯዊ ሊቲየም» ተብሎ ይተዋወቃል። ሊቲየም ሊቲየም ነው፤ በሐኪም ከሚታዘዘው የሚለየው ለባይፖላር የሚረዳ መሆኑ አለመረጋገጡና የደም፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ክትትል የሌለው መሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ ማሟያዎች ገበያ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ፈዋሽነታቸውን ማስመስከር አይጠበቅባቸውም። «ከአሜሪካ የመጣ ነው» ማለት «የተመሰከረለት ነው» ማለት አይደለም።

ጫትና ቡና

ጫትን እንደ ዕፅ የሚቆጥረው ጥቂት ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን ከሁሉም የበለጠ ኃይል ያለው ዕፅ እርሱ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው። ምርቃናው ትንሽ ማኒያ ይመስላል፤ እንቅልፍ ይነሳል፣ ንግግር ያበዛል፣ ዕቅድ ያስደረድራል። በማግስቱ ያለው ዱካክና ሐራራ ደግሞ ትንሽ ድባቴ ነው። ባይፖላር ያለበት ሰው በርጫ ላይ ሲቀመጥ ሕመሙን በራሱ እጅ እየቀሰቀሰ ነው፤ ከበርጫ በኋላ ለመተኛት የሚጨመረው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «ለዒባዳ ያነቃኛል» የሚለው ምክንያት ከሕግ አንጻር ያለው ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ ለዚህ ታማሚ ከጤና አንጻር ክርክር የለውም።

ቡና ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን ካፌይን ሊቲየምን በሽንት ያስወጣል። በቀን አምስት ሲኒ የሚጠጣ ሰው በድንገት ቢያቆም በደሙ ያለው ሊቲየም ከፍ ይላል። ረመዷን ሲገባ የሚሆነው ይኸው ነው። ቡናውን ከረመዷን በፊት ባሉት ሳምንታት ቀስ በቀስ መቀነስ ይሻላል።

ረመዷን

መጾም ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ለሁሉም አንድ መልስ የለውም። በሞሮኮ 20 የባይፖላር ታማሚዎችን በረመዷን የተከታተለ ጥናት ወደ ግማሽ የሚጠጉት ሕመማቸው እንዳገረሸ አግኝቷል፤ የሊቲየም መጠናቸው መለወጥ ግን ዋናው ምክንያት አልነበረም። በፓኪስታን 62 ታማሚዎችን ያየ ሌላ ጥናት ደግሞ የተረጋጉ ሰዎች ሊቲየማቸው ብዙ ሳይለወጥ መጾማቸውን ዘግቧል። ሁለቱን አብሮ ያነበበ ሰው ዓይኑን ከውሃው ይልቅ እንቅልፉ ላይ ይጥላል። ተራዊሕ፣ ሱሑር፣ ፈጅር፣ ከዚያ ሥራ፤ ለጤነኛው ድካም ነው፣ ለእርሱ የማኒያ በር ነው። ሕመሙ ገና ያልረጋ፣ በቅርብ ያገረሸበት፣ ወይም ሐኪሙ የከለከለው አይጹም፤ በሱረቱል በቀራ 184 እና 185ኛ አንቀጾች ለታማሚ የተሰጠው ፈቃድ ለአእምሮ ታማሚም ነው። ቀዷ ይሁን ፊድያ የሚለውን የሚያውቁትን ዓሊም ይጠይቁ። የሚጾመው ደግሞ ከሻዕባን ጀምሮ ከሐኪሙ ጋር የመድኃኒቱን ሰዓት ያስተካክል፣ ከኢፍጧር እስከ ሱሑር ውሃ ያብዛ፣ ሱሑር ላይ ቢነሳም ቢያንስ አንድ ረዘም ያለ ያልተቆራረጠ እንቅልፍ ይኑረው። ተራዊሕን በቤቱ አሳጥሮ ቢሰግድ ሱናን አልጣለም። ለራስ ምታት አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ አይውሰድ፤ ሁለቱም ሊቲየምን ከፍ ያደርጋሉ፤ ፓራሲታሞል ይሻለዋል።

ሻጩና ሐኪሙ

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሕክምና የማያውቅ ሆኖ ሰው ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ፉቀሃእ ይህን የካሣ ሕግ አድርገው አስቀምጠውታል። «ሆስፒታል ያቃተውን በ21 ቀን» እያለ በቴሌግራም የሚሸጥ፣ ውስጡ ያለውን የማይናገር፣ ከሁሉ በላይ «መድኃኒቱን ዛሬ አቁም» የሚል ሰው ጢሙ ቢረዝምም፣ ምላሱ በሐዲስ ቢጣፍጥም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ሊቲየምን በድንገት ማቆም በሚቀጥሉት ወራት ማኒያ የመመለስ ዕድልን በጣም ይጨምራል፤ ቫልፕሮኤትና ካርባማዜፒንን በድንገት ማቆም ደግሞ የሚጥል በሽታ ላለበት ጥቃት ያመጣል። ቫልፕሮኤት ፅንስን የሚጎዳ መድኃኒት በመሆኑ ለማርገዝ ያሰበች እህት አስቀድማ ትንገር፤ ሐኪሟ ወደ ሌላ ይለውጥላታል። በራሷ አቁማ ወደ ዕፅ መሄዷ ግን እርሷንም ልጇንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ የሚጠጡትን ሁሉ በፌስታል ይዘው ይሂዱ፤ ዘይቱን፣ ካፕሱሉን፣ ስም የሌለውን ዱቄትም። አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በየክልሉ ባሉ ብዙ ጠቅላላ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ብዙ ታማሚ ዕፅ መውሰዱን የሚደብቀው እንዳይቆጡት ነው። ይቆጡ፤ ቁጣው ያልፋል።

ሊቲየም የሚወስድ ሰው እጁ ከወትሮው በላይ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያስመልሰው ወይም ሲያስቀምጠው፣ ሲንገዳገድ፣ ንግግሩ ሲተሳሰር፣ ሲደነጋገር የሚቀጥለውን እንክብል ሳይውጥ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ለሦስት ሌሊት ያልተኛና እየፈጠነ የሚሄድ ታማሚም፣ ሞትን የሚያወራ ታማሚም እንዲሁ። ለሁለተኛው ከመንገዱ በፊት ቤት ውስጥ ያለውን መድኃኒትና የተባይ መርዝ ከእጁ አርቁ፣ ብቻውንም አትተዉት።

ወላሁ አዕለም።